ረቢዕ ሲገባ የተዘራ ሽምብራ

ዘር በላ ተብያለሁ። አልበላሁም። አጎቴ ሰይድ ሽምብራ ያለጊዜው ጭቃ ውስጥ ዘርቶ አበሰበሰ፤ ሳይበቅል ሲቀር «ይሄ ልጅ ዘሩን ቆልቶ በልቶብኝ ነው» ብሎ ለአገሬው ተናገረ። አገሬው አመነው። በዚሁ ሰበብ ከትምህርት ቤት ጎትቶ አወጣኝ፤ ጢም እስካወጣና ባሕር እስክሻገር ድረስ ስሜን መጻፍ ሳልችል ኖርኩ። በደሉ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

ገበሬ ላልሆነ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለው ይሆናል። እኛ አገር ግን ዘር በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሌባ የሰረቀው ያለውን ነው። ዘር በላ የበላው ገና የሚመጣውን ዓመት ነው። ለዘር በላ በሬ አያውሱትም። ልጅ አይድሩለትም። ጎተራ ያለበት ቤት ብቻውን ትተውት አይወጡም።

ይህን የምጽፈው በዓረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ፣ አቡ ዓሪሽ አጠገብ ካለ እርሻ ላይ ሆኜ ነው። ከድንበሩ ማዶ የመን ላይ ጦርነት ከገባ ወዲህ መሬቱ አንዳንድ ቀን ከስር ያጉረመርማል። ፍየሎቹ ለምደውታል። እኛም ለምደናል። አንድ ሰሞን ጎርፉ ከተራራው ወርዶ የማሽላውን ማሳ ካጠጣ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ገባና ጆንያዎቹን አራሰ። አሰሪዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያላ፣ ያላ! የረጠበውን አውጥተህ ጣል» አለኝ። የመጨረሻውን ጆንያ ስፈታ ለወጥ የተቀመጠ ነጭ ሽምብራ ነበር። አብጧል፣ ልጡ ተገፏል፣ ከርፍቷል። እጄን ከተትኩበት። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጣቴ ላይ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለኝ አሰሪዬ።

«ምንም የለም፣ ያ ሸይኽ።»

እዚህ አገር ሠራተኛ አሰሪውን «ዐሚ» ብሎ ነው የሚጠራው። አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም ማለት ነው። የኛ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ይላሉ። እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደመወዝ አይከለክልም፣ አይሳደብም። ግን የአባቴን ወንድም አውቀዋለሁ። አንድ ይበቃኛል።

አባቴ በሕመም የሞተው ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። አጎቴ ሰይድ ያን ጊዜ ጅዳ ነበር። ሞቱን ሰምቶ መጣ፤ መሬቱንም፣ እናቴንም፣ እኔንም፣ አያቴንም ተረከበ። እቃ እንደሚረከቡት። መጀመሪያ ያደረገው የሳሩን ጣሪያ አፍርሶ ቆርቆሮ መምታት ነው። በመንደሩ የመጀመሪያው ቆርቆሮ የኛ ሆነ። ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር፤ እኔ ሰማይ ላይ አንድ ጆንያ ጥሬ የሚያፈሱ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠ እኛ ቤት ይገባል። ይቀመጣል፣ ሽቅብ ያያል፣ «ማሻአላህ፣ ሰይዶ!» ይላል። ያ ጣሪያ በኋላ መሰከረብኝ።

ሁለተኛው ያመጣው ነገር ነጭ ሽምብራ ነው። እኛ የምናውቃት ሽምብራ ቀይ ናት፤ ትንሽ፣ ሹል፣ ቆዳዋ የተጨማደደ የአሮጊት ፊት የመሰለ። የሱ ክብ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የወተት ጥርስ ይመስላል። በዓረብኛ ሑምሙስ ይለዋል። አያቴ አያ ይማም ፊት አንድ እፍኝ ዘረገፈና፣ «ይሄ የሰው ሽምብራ ነው፣ አባቴ። የእናንተዋ የዶሮ ናት» አለ።

አያቴ አንዷን አንስቶ በጥፍሩ ጫረ። «ልጡ ስስ ነው» አለ። «ስስ ልጥ ውሃ ቶሎ ያስገባል። ሲዘራም ቀን ይመርጣል።»

«ሁሉም ነገር ለአንቱ ስስ ነው!»

«ጥርሴ ብቻ ነው የቀጠነው፣ ልጄ። ዓይኔ ደህና ነው።»

አያቴ የሚዘራበትን ቀን የሚነግረው የበሬ ኮቴ ነበር። የኛ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ከነሐሴ እስከ መስከረም ውሃ እንደጠጣ ይተኛል፤ ብትረግጠው ጫማህን ብቻ ሳይሆን እግርህን ሊያስቀርብህ ይፈልጋል። በሬ ሲያልፍ ኮቴው ጉድጓድ ይሠራል፤ ጉድጓዱ ሌሊት ውሃ ያቁራል። ጠዋት ሄደህ ስታይ ውሃ ካለው ሽምብራ አይዘራም። ኮቴው ደርቆ አፉ ሲሰነጠቅ፣ ከላይ ደረቅ ከስር እርጥብ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ነው። ብዙውን ዓመት መስቀል ከዋለ በኋላ ይሆናል። እኛ ሙስሊም ነን፤ ለእርሻ ግን መስቀልንም ኅዳር ሚካኤልንም እንቆጥራለን። መሬቱ የሚያውቀው እሱን ነው። ቀደም ካልክ ዘሩ ይበሰብሳል፤ በጣም ዘገየህ እንደሆነ ደግሞ እርጥበቱ አልቆ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። ቀይዋ ሽምብራ ትንሽ ቀደም ቢሉም ዘግየት ቢሉም ትችላለች። ሆዷ ሰፊ ነው። ነጩ አይችልም።

አጎቴ ግን ጅዳ ሆኖ ወር መቁጠር ተምሯል። «ረቢዕ ሲገባ እንዘራለን» አለ።

«ረቢዕ ማለት የመውሊድ ወር አይደለም እንዴ?» አለ አያቴ።

«ነው። ረቢዕ በዓረብኛ ምን ማለት መሰለዎት? ጸደይ! ልምላሜ! ቃሉ ራሱ ዝራ ነው የሚለው። ደግሞ እኔ ከአገር የወጣሁ ዓመት አንቱ ሽምብራ የዘሩት መቼ ነበር? መውሊድ ሊደርስ ሲል። ጎተራው አልበቃ ብሎ ደጅ አልከመርንም?»

«ያን ዓመት መውሊድ መስቀልን ተከትሎ መጣ፣ ሰይድ። አሁን ዓመቱ ዞሯል። ዘንድሮ ወሩ የሚገባው ነሐሴ እኩሌታ ላይ ነው። ወሩ ይሄዳል፤ ክረምቱ አብሮት አይሄድም።»

አጎቴ ሳቀ። «አንቱ በበሬ ኮቴ ዓለምን ሊያስተዳድሩ ነው።»

አያቴ በትሩን አንስቶ ወደ ደጅ ወጣ። የሚበላው ከሰይድ እጅ ነው። ቆርቆሮው ስር ነው የሚተኛው።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ረቢዕ የሚባል ሰውዬ ይመጣል። «ረቢዕ ሲገባ» ነው የሚሉት። የሚገባ ሰው ነው እንጂ ወር በር የለው፣ በምን ይገባል? ከጅዳ የአጎቴ ወዳጅ የሚመጣ መሰለኝ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ሻንጣ የያዘ፣ ለኔም ጫማ የያዘ። አጎቴ «ሽምብራው ያምርልን እንጂ ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ፤ ካኪም ጫማም አለብስሃለሁ» ብሎኝ ስለነበር ጫማውን የሚያመጣው ረቢዕ ነው ብዬ አሰብኩ። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ስር ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ጎረቤታችን እቴ ፋጡማ ስታልፍ፣

«ምን ትጠብቃለህ፣ ሙሄ?» አለችኝ።

«ረቢዕን።»

«ማንን?»

«ረቢዕን! ዛሬ ወይ ነገ ይገባል። ሲገባ ሽምብራ እንዘራለን።»

እስክታነባ ሳቀች። ልጅ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከኛ ማሳ ጎን ጠባብ መሬት ያላት ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየችኝ ቁጥር «ሰውዬህ ደረሰ?» ትለኛለች። ካገኘሁት ምን ብዬ ሰላም እንደምለው እንኳ አጥንቼ ነበር።

የዘሩ ጆንያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። አይጥም ዶሮም እንዳይነካው ላዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ መቀመጥ ነው። ሲሞቀው ጆንያው የገብስ ዳቦ የመሰለ ሽታ ያወጣል፤ በቀዳዳው ጣቴን እሰድና የፍሬዎቹን ብርድ እነካለሁ። መቆርጠም? ማን ጥሬ ሽምብራ ይቆረጥማል! ጥርስ ይሰብራል። ለመቁላት እሳት ያስፈልጋል፤ እሳቱ የእናቴ ነው። ይህን እንኳ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እናቴ «ተነስ፣ ውጭ ተጫወት» አለችኝ። ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ እቴ ፋጡማ ከቤታችን ወጣች። ሆዷ ላይ ያሰረችው ሻሽ አብጧል፤ በሁለት እጇ ከስር ደግፋዋለች፤ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። አያቴ አጥሩ ስር ተቀምጦ አያት፤ ራሱን ነቀነቀላት። እኔ እርጉዝ ሴት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ነው የሚራመዱት። እቴ ፋጡማ አረገዘች ብዬ ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለ እርጉዝ ማውራት ነውር ነው ይሉናል።

ረቢዕ አልመጣም። አጎቴ ግን አንድ ጠዋት «ገብቷል፣ ያላ!» ብሎ በሬ ጠመደ። በየጥጉ አየሁ፤ ማንም የለም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው ያደረው። በሬዎቹ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ማረሻው አፈር አይገለብጥም፤ ጭቃ ያማስላል። አያቴ በትር ተደግፎ መጣና፣ «ካልክም ፈሰስ ቅደድለት፣ ውሃው መውጫ ያግኝ» አለ።

«ፈሰስ የሰነፍ ነው» አለ አጎቴ። ዘሩን በተነ። ነጭ ፍሬ ጥቁር ጭቃ ላይ ሲወርድ ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስል ነበር። የጆንያውን የመጨረሻ ፍሬ አራግፎ ሲጨርስ አያቴ ቆሞ ያይ ነበር። እኔም አይቻለሁ። ያ ዘር መሬት ገብቷል።

ከዚያ ጠበቅን። ቀይ ሽምብራ ቢሆን ብቅ ይል ነበር። አጎቴ በየጠዋቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩና እሱ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ጣቴን ጭቃው ውስጥ ሰደድኩ። አንድ ለስላሳ ነገር አገኘሁ። ሳወጣው ነጭ፣ የተልፈሰፈሰ፣ የሚከረፋ። አሸተትኩት፤ ትውከት ትውከት ይላል። መሬቱ አስመለሰ ብዬ አሰብኩ። ረቢዕ ሳይመጣ ስለዘራን መሬቱ ተቆጥቶ የበላውን ያስመለሰ መሰለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ጣቴን አሳየኋት። አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝና፣

«ለማንም አታሳይ» አለች።

«ለምን?»

«አጎትህ ይከፋዋል።»

ጣቴን ብታጠበውም ሽታው አልለቀቀም። እስከ ማግስቱ እያሸተትኩት ነበር።

መስከረም ሲጠባ አጎቴ አንድ መልካም ነገር አደረገ፤ ሐቅ ነው፣ እናገረዋለሁ። ትምህርት ቤት አስገባኝ። ምናልባት ይበቅላል ብሎ ተስፋ አልቆረጠም ነበር፤ ምናልባት ሰው ፊት ማፈር አልፈለገም። ጫማ የለም፤ ካኪ አለ። ካኪው ከገበያ የመጣ ሰሞን የኬሮሲን ሽታ ነበረው። መምህሩ በሳምንት አንድ ፊደል ነበር የሚያስቆጥረን። ሀ ብለን ጀመርን። እንጮሃለን፤ የጩኸታችን ትንፋሽ ክፍሉን ያሞቀዋል። ማታ ለአያቴ እደግምለታለሁ።

አያቴ በዚያው ሰሞን ከአልጋ ዋለ። ሳሉ ከቆርቆሮው ይበልጥ ይጮኻል። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ይልከኛል፦ «ሂድ፣ ማሳው ዳር ያለውን የበሬ ኮቴ አይተህ ና።»

ሄጄ እመለሳለሁ። «ውሃ አለው፣ አባባ።»

«እሺ።»

በማግስቱም «አለው።» በማግስቱም። መስቀል ዋለ፤ ችቦው በማዶ ሰፈር ነደደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሄጄ ሳይ ኮቴው ደርቋል። አፉ ላይ የክር ያህል ስንጥቅ ወጥቷል። ጣቴን ብሰድበት ከላይ ደረቅ፣ ከስር ቀዝቃዛ።

«አባባ፣ ተሰነጠቀ!»

ዓይኑን ገለጠ። «ለፋጡማ ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«ተሰነጠቀ በላት። ታውቃለች።»

ስለ እርግዝናዋ መሰለኝ። ሊወለድ ነው ማለት ይሆናል ብዬ ሮጥኩ። እቴ ፋጡማ በሯ ላይ እህል ታበጥር ነበር። «አያቴ ተሰነጠቀ በላት አለኝ» አልኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች። ሳመችኝ። የዚያኑ ቀን በሬ ለምና ጠባቧን መሬቷን አረሰች፤ ፈሰስ ቀደደች፤ ከሻሿ ውስጥ ዘር እያወጣች በተነች። ሆዷ ጠፍጣፋ ነበር። ልጁ የት ሄደ ብዬ በጣም አዘንኩ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሲቀበር መሬቱ ጥሩ ደርቆ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ «ዋልካው ተመቸ» ሲሉ ሰማሁ። ዘሩ መሬት መግባቱን ያየ ትልቅ ሰው ከአጎቴ ሌላ እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ምስክርነቱም አብሮት ተቀበረ።

የእቴ ፋጡማ ማሳ በቀለ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በዳሩ ነው የማልፈው። የሽምብራ ቅጠል ጤዛው ኮምጣጣ ነው፤ እግርህን ሲነካ ያሳክካል፣ ጣትህን ብትልሰው ጨው ጨው ይላል። እኔ እየላስኩ ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው። ሰ ላይ ደርሰን ነበር። መምህሩ «ሰ በሉ!» ይላል፣ እኛ «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» እንላለን። «ሰ ምን ይጀምራል?» ሲል እጄን አውጥቼ «ሰይድ!» አልኩ። ጎበዝ አለኝ።

ከዚያ ማሳው አበበ። ያን ጊዜ ነው ያለቀልኝ። የቀይዋ ሽምብራ አበባ ሐምራዊ ነው። የእቴ ፋጡማ ነጭ ሆኖ ፈነዳ። እንደ ተዘረጋ ነጠላ ከሩቅ ይታያል። በአገሩ ነጭ ሽምብራ ያመጣ ሰው አንድ ነው።

አጎቴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ቤታችን ሰበሰበ። ቆርቆሮው ስር ተቀመጡ።

«ዘሩ ደህና ዘር ነው» አለ። «ይኸው አብቧል፣ በዓይናችሁ አይታችኋል። የኔ ማሳ ባዶ የቀረው ዘር ስላልገባበት ነው። ጆንያው ላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ፋጡማ፣ ዘሩን ከየት አመጣሽ?» አላት አንዱ።

«አላህ ሰጠኝ» አለች። ወደ እናቴ ግን አየች። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«አላህ በማን እጅ ሰጠሽ?» አለ አጎቴ። «በዚህ ልጅ እጅ ነው። ግማሹን ቆልቶ በላ፣ የተረፈውን ለሷ ሰጠ። እኔ ጭቃ ነው የዘራሁት!»

ጭቃ ነው የዘራሁት አለ። እውነቱን በገዛ አፉ ተናገረ፤ የሰማው ሰው ግን አልነበረም። እኔ «አልበላሁም፣ መሬቱ አስመልሶታል፣ ጣቴን አሽትቼዋለሁ» አልኩ። ሳቁ። አንዱ «ከረቢዕ ጋር ነው እንዴ የበላኸው?» አለና ይበልጥ ሳቁ። ያን የቀልድ ወሬ ለካ አገር ሁሉ ሰምቶት ኖሯል። ረቢዕ የሚባል ሰው ይመጣል የሚል ልጅ ነገር ማን ያምናል?

በማግስቱ አጎቴ ትምህርት ቤት መጣ። ከወንበሬ አነሳኝ። መምህሩ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ አቶ ሰይድ» ቢለው፣

«ዘር የበላ አፍ ፊደል አይቆጥርም» አለው።

የሚቀጥለው ሳምንት ፊደል ሸ ነበር። ሽምብራ የሚጻፍበት። አልደረስኩበትም።

የዚያን ዓመት እሸት እቴ ፋጡማ አንድ እቅፍ ነቅላ በአጥሩ ላይ ጣለችልኝ። አጥሩ ስር ተደብቄ ፈለፈልኩት። ጣፋጭ ነበር። የሚጣፍጥ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ሕፃናቱ በመንገድ «ዘር በላው፣ ዘር በላው» እያሉ ያልፋሉ፤ እኔ አፌ እሸት ሙሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቴን አልጽፍም፤ የማንም ስደተኛ ሕይወት ነው።

ፊደሉን የጨረስኩት እዚህ ነው። አብሮኝ የሚኖር የወሎ ልጅ፣ ከሥራ መልስ በስልኩ ላይ እያሳየ አስቆጠረኝ። «ከየት እንጀምር?» ሲለኝ «ከሸ» አልኩት። «እንዴ፣ ከሀ ነው እንጂ የሚጀመረው!» አለ። «እስከ ሰ እችላለሁ» አልኩት። ያሾፍኩበት መሰለው።

ያ የበሰበሰ ጆንያ ከወጣ በኋላ የአሰሪዬ አባት ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ ማሽላው ዳር አልጋ አዘርግቶ ይቀመጣል። ባለኝ ዓረብኛ ጠየቅሁት። «ያ ሸይኽ፣ እናንተ ረቢዕ ሲገባ ትዘራላችሁ?»

ሳቀ። «ረቢዕ አንዳንዴ በብርድ ይመጣል፣ አንዳንዴ በሐሩር። እንዴት ይዘራበታል? ወሩ ለጾም ነው፣ ለሐጅ ነው። ለዘር ኮከብ አለ። ጎርፍ አለ።»

«ጎርፉ ከመጣ በኋላስ ቀኑን በምን ታውቃለህ?»

ባዶ እግሩን ከአልጋው አወረደና አፈሩን ረገጠ፤ አነሳ። «ጭቃው እግርህን ካልተከተለ ዝራ።»

አጎቴ ያን ያህል ዓመት እዚህ አገር ኖሮ አንድ ሽማግሌ አልጠየቀም። ቃሏን ብቻ ይዞ መጣ።

በዚያው ሰሞን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማል።

«ሰይድ ሞተ» አለችኝ። «ሰደቃው ላይ ነን። ሽማግሌዎቹ እዚህ አሉ፣ ይሰሙሃል። ሙሄ፣ እነሱ ፊት የምናገረው አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«ዘሩን ለፋጡማ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በጣሳ ሰፍሬ። አያትህ ነው ያዘዘኝ። ‹ይሄ ሰው ዘሩን ጭቃ ሊያበላው ነው፣ ትንሽ እንኳ ለነገ ይትረፍ› ብሎኝ። ያኔ ብናገር ከቤት ያስወጣኝ ነበር፤ አንተን ይዤ የት እገባለሁ? ዝም አልኩ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ከድንበሩ በኩል አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ፍየሎቹ ቀና አሉና መልሰው ሣራቸውን ያዙ።

አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀበለ። በድምፁ አወቅሁት፤ ያኔ በረቢዕ ያላገጠብኝ ሰውዬ ነው። «አፉ በለን፣ ሙሄ። ይኸው ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚዘራው ነጭ ሽምብራ ከዚያች ጣሳ የወጣ ነው። ፋጡማ አፈር ይቅለላትና፣ በየዓመቱ ለሁላችንም ስታካፍል ኖረች። መስቀል ሲያልፍ እንዘራዋለን፤ አንድ ዓመት አሳፍሮን አያውቅም።»

«ሰይድ መቼ ነበር የዘራው?» አልኩት።

«ነሐሴ ነው እንጂ። በሬው እስከ ጉልበቱ ይገባ ነበር።»

«ያኔ ታውቁ ነበር?»

«ማን አያውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

ከቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲንጠባጠብ በስልኩ ይሰማኛል።

«ዝናብ ሲመጣ ቤቱ እንቀመጥ ነበር፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ።

«ከዚያች ጣሳ የበላችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩት። «እኔ ያን ዓመት ከአንድ እቅፍ እሸት በቀር አልቀመስኩም። ስልኩን ለእናቴ ስጣት።»

ለእናቴ አፉ አልኳት። ለነሱ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ከጠሩኝ፣ አፉ አልኩ። ለሰይድ አላልኩም፤ የጠየቀኝም የለም። «ኸላስ» ብዬ ዘጋሁትና የማሽላውን ማሳ ረገጥኩ። ጭቃው እግሬን አልተከተለም። ነገሩ ያለቀው ያን ቀን ነው፤ ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በሰይድ አቆጣጠር ሙሀረም ሰባት፣ በአያቴ መስከረም አስራ ሰባት፣ የመስቀል ዕለት።